ሦስት ጊዜ ሳይለምኑሽ አትብዪ

ከእስራኤሏ ከተማ ከቂርያት ጋት ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ያሉት ሴቶች አውሪልን እያሉ ይወተውቱኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያየኝ አፌ ይያዛል። ስለዚህ በደብተር ጽፌ ልስጣቸውና ተራ በተራ ያንብቡት ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ስህተት ብታገኙ እለፉኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ባቡሩንና ፎቁን ብቻ ልጽፍላችሁ ነበር። ነገር ግን ከዚያ አገር ይዤው የመጣሁት ትልቁ ዕቃ ኀፍረት ነው፤ እሱን ደብቄ ሌላውን ብዘረዝር ሻንጣዬን ግማሹን ብቻ የከፈትኩ ይመስለኛል።

እሁድ።

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዝናሽ ወደ እስራኤል የሄዱት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ደርግ በወደቀበት ሰሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተወሰዱት ጋር። ዘንድሮ አሥር ቀን እንድጠይቃቸው ወረቀቱን ሁሉ ጨርሰው ላኩልኝ። ልጃቸው ሺራ እዚያው የተወለደች ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰው አንጎል አንዱን ነገር ከሌላው እንዴት እንደሚመርጥ ታጠናለች። በስልክ እንዳስረዳችኝ የመመረቂያ ሥራዋ እዚያ ያደጉ ሰዎችንና እኛ አገር ያደጉ ሰዎችን ያስተያያል። እኛ አገር ካደጉት ግን አንድ ሰው ጎድሎባታል። እኔ ከገባሁላት ቁጥሩ ይሞላል፤ በሳምንቱ እሁድ ለአስተማሪዋ አቅርባ ትጨርሳለች። «አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ እሺ ያላልኩት ሰው የለም።

እናቴ እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በባጃጅ ሸኘችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ የነጠላዬን ጫፍ እያስተካከለች፣ «የሰው ቤት ነው። ሲሰጡሽ እንደ ተራበ ሰው እጅሽን አትዘርጊ። ሦስት ጊዜ ሳይለምኑሽ አትብዪ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ነው ያደግሁት፤ አዲስ ነገር አልነበረም።

ከአዲስ አበባ ከተነሣን በኋላ አስተናጋጇ የምግብ ጋሪዋን እየገፋች መጣችና ዶሮ ወይስ ፓስታ አለችኝ። «ኧረ ይቅርብኝ» አልኩ። ፈገግ ብላ አለፈች። ተመልሳ ትለምነኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ስትመለስ የመጣችው ባዶውን ሳህን ልትሰበስብ ነበር። እሷም ያገሬ ልጅ ናት፤ ግን ያን ሁሉ ሰው በምን ጊዜዋ ትለምን? አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዳቦውን ሳይነካው መለሰው። ዳቦው ከዓይኔ እስኪጠፋ ተከተልኩት።

ሰኞ።

ጎህ ሲቀድ ደረስን። ሺራ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ስሜን ጮክ ብላ ስትጠራ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ረጅም ናት፤ ሳቋ የእናቴን ሳቅ ይመስላል። አማርኛዋ ጥሩ ሆኖ እየሄደ ድንገት ዕብራይስጥ ይገባበታል፤ ቅመም በዝቶበት እንደሚያቃጥል ወጥ።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካርድ ሲያስነኩት የሚከፈት ትንሽ በር አለ። ሺራ ቀድማ አለፈች። እኔ ካርዱን ነካሁ፣ በሩ ተከፈተ፤ ዘወር ስል አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል። እንዴት ቀድሜያቸው ልለፍ? ወደ ጎን ብዬ በእጄ ይለፉ አልኳቸው። አለፉ። በሩም ተዘጋ። ሽማግሌው በእኔ ካርድ አልፈው እያመሰገኑኝ ሄዱ፤ እኔ በዚህ፣ ሺራ በዚያ ቀረን። እዚያ አገር በር ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው። ሺራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሰው ሁሉ ስላየን እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አንድ ጊዜ ባቡር ቀይረን ቂርያት ጋት ገባን። አገሩ ሜዳ ነው፤ ጎንደር የለመደ እግር ዳገት እየፈለገ ይቸገራል። ዳገቱን ያገኘሁት ደረጃ ላይ ነው፦ እትዬ ዝናሽ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። በየሕንፃው ጣሪያ ላይ በፀሐይ ውሃ የሚያሞቁ ነጫጭ በርሜሎች ተደርድረዋል። አክስቴ እስከ ምድር ቤት ወርደው ጠበቁኝ። አገላብጠው ሳሙኝ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ የመጠለያውን በር አሳዩኝ። «ሮኬት ሲመጣ የሚጮኸውን ሳይረን ከሰማሽ እዚህ ነው። ጫማ አትፈልጊ፤ ባዶ እግርሽን ሩጪ» አሉኝ። እኛ ዘንድ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚያሳዩት የሚቀመጥበትን ነው።

ቤት ገብተን ምግብ ሲቀርብ ጠግቤያለሁ አልኩ። እትዬ ዝናሽ በሞቴ አሉ፣ ደግመው በእናትሽ አሉ፣ ሦስተኛ አጎረሱኝ። ከዚያ በኋላ የበላሁትን መጠን እዚህ አልጽፈውም። ሺራ አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር። «ጠግቤያለሁ አላለችም እንዴ?» ብላ እናቷን ጠየቀች።

ማክሰኞ።

እትዬ ዝናሽ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ያሽጋሉ። የፋብሪካው መኪና ሲነጋጋ መጥቶ ወሰዳቸው። እኔና ሺራ ብቻችንን ቀረን። የብዙ ምግብ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። እያንዳንዱን ምን ያህል እንደምወደው ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እንዳከብብ ነው። ጨርሼ መለስኩላት።

«እናኑ፣ ሁሉንም አምስት ሰጥተሻል።»

«አዎ።»

«ጥሬ ሽንኩርት እንኳ?»

«የእግዜር በረከት ነው፤ ምግብ ይነቀፋል?»

ሳቀችና አዲስ ወረቀት አወጣች። እዚያ አገር «ዱግሪ» የሚሉት ቃል አለ፤ ሳያሽሞነሙኑ የልብን በቀጥታ መናገር ማለት ነው። ሰው ዱግሪ ነው ከተባለ ተመሰገነ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ልጅ ያልተቀጣ እንለዋለን። ሺራ «ዱግሪ ብቻ፣ እሺ? ስህተት የሚባል መልስ የለም» አለችኝ። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሳይሆን ፊቷን እያየሁ አከበብኩ። ቅንድቧ ከፍ ሲል ቁጥሩን ዝቅ አደረግሁት። እሷ ደስ አላት። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ረቡዕ።

ሺራ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ምንም ሳልቀምስ እንድሄድ አዝዛኝ ነበር፤ የራበው ሰው ምርጫው የእውነት ይሆናል ብላ። ባቡር ላይ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰው መረጥኩ ከማለቱ በፊት አንጎሉ ይመዝናል አለች። ብርቱካንና ዳቦ ዝምድና የላቸውም፤ አንጎል ግን ለሁለቱም በአንድ ሚዛን ዋጋ ይሰጣቸዋል ይባላል። ከግንባሯ መሀል፣ ከቅንድቦቿ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በጣቷ ነካች፤ ከሚመዝኑት ቦታዎች አንዱ እዚያ ጋ ወደ ውስጥ ነው። የምገባበት ማሽን ሐሳብ አያይም፤ የሚሠራ ቦታ ደም ስለሚስብ ደሙ የት እንደሄደ ነው የሚያየው። «ሳፍርስ ያሳያል?» አልኳት። ልትስቅ ብላ ፊቴን ስታይ ተወችው።

የዩኒቨርሲቲው መመርመሪያ ክፍል ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አስተማሪዋ ሽበታም ሴት ናቸው፤ በነጠላ ጫማ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። እኛ ዘንድ እንኳን ፕሮፌሰር የቀበሌ ጸሐፊም እንዲህ ቀሎ አይመጣም። ኤም አር አይ የሚሉት ማሽን ኀይለኛ ማግኔት ስለሆነ ብረት ይዘሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። የምትፈትሸው ሴትዮ በእጇ የያዘችው ነገር አንገቴ ጋ ሲደርስ ጮኸ። መርፌዬ ነው። ሥራ ላይ ሁልጊዜ አንገትጌዬ ላይ እሰካዋለሁ፤ እንደ ጥርሴ የራሴ አካል ሆኖ ረስቼዋለሁ። ሴትዮዋ መርፌውን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቷ ነጣ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ። ልብሴን ቀይረው የሆስፒታል ሸሚዝ አለበሱኝ።

ማሽኑ ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው። ሁለት ቁልፍ ያለበት ትንሽ ሣጥን አስያዙኝ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስተክል የምውል ሰው ነኝና ቁልፍ አያስፈራኝም ብዬ ራሴን አበረታሁ። ከፊቴ ሁለት የምግብ ሥዕል ይመጣል፤ የምፈልገውን በቀኝ ወይም በግራ እጫናለሁ። መጨረሻ ላይ ከመረጥኳቸው አንዱ በዕጣ ወጥቶ በእውነት ይሰጠኛል፤ ስለዚህ መምረጡ ጨዋታ አይደለም።

መጀመሪያ የመጣው ቸኮሌትና ደረቅ ብስኩት ነው። አፌ ምራቅ ሞላ። ከመስታወቱ ወዲያ ሺራና አስተማሪዋ ተቀምጠው እያንዳንዷን ጫና እንደሚያዩ አሰብሁ። ቸኮሌቱን ብጫን «እዪያት ይህችን ሆዳም» የሚሉኝ መሰለኝ። ብስኩቱን ተጫንኩ። ኬክና ጥሬ ካሮት መጣ፤ ካሮቱን ተጫንኩ። እንዲህ እያልኩ ሁልጊዜ ትንሹን፣ ርካሹን፣ ደረቁን መረጥሁ። መሀል ላይ ሺራ በድምፅ ማጉያው «እናኑ፣ የምትፈልጊውን ነው የምትጫኚው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ስወጣ ዕጣ ወጣ፤ ብስኩቱ ደረሰኝ። ሦስት ሰዎች ቆመው እያዩኝ ደረቅ ብስኩት ስቆረጥም ሆዴ ጮኸ። አስተማሪዋ በትሕትና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሐሙስና ዓርብ።

ሐሙስ ማታ ሺራ እየሮጠች ደረጃውን ወጣች። የአንጎሌን ሥዕል ኮምፒውተር ላይ አሳየችኝ። የራስን ጭንቅላት ውስጡን ማየት ሳይንኳኩ ሰው ቤት እንደ መግባት ነው። ቸኮሌት ሲመጣ ያ የግንባሬ ቦታ ቀላ ይላል፤ ጣቴ ግን ሁልጊዜ ብስኩቱን ተጭኗል። «ከአንድ ሰው ምንም ማለት አይቻልም» አለች፣ «ግን ፕሮፌሰሯ እንዲህ ራሱን የሚገዛ ሰው አላየሁም አለች። እሁድ መጀመሪያ የማሳየው ያንቺን ነው።»

ስድብ ቢሆን ችዬ ዝም እል ነበር። ምስጋናው ግን እንደ ሰው ልብስ አንገቴን አነቀኝ። ያኔውኑ ልናገር አፌን ከፈትኩና «ጎበዝ» አልኳት።

ዓርብ ደረጃ ላይ እትዬ ዝናሽ ለጎረቤታቸው ሲነግሩ ሰማሁ። የእህቴ ልጅ ጭንቅላቷ ተመርምሮ ፕሮፌሰር አደነቀች ይላሉ። ጎረቤታቸው የታወቀች ቀልደኛ ናት። «እንግዲያው ባሌንም አስገቡልኝ» አለች፤ «ቲቪውን ትቶ ቆሻሻ መድፋት የሚመርጥበት ቦታ ካለው ይፈለግልኝ።» ሁሉም ሳቁ። እኔ ጎመን እያጠብኩ ነበር፤ ያንን ጎመን አራት ጊዜ አጠብኩት። ሰንበታቸው ሊገባ ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ጠፋ፣ አውቶቡሱ ቆመ፣ ከተማው ጸጥ አለ። ጎንደር እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ቅዳሜ።

ከምሳ በኋላ ሦስታችን በእግራችን ወደ ካርሜ ጋት ወጣን። አዲስ ሰፈር ነው፤ ረጃጅም ፎቅ፣ ገና ጥላ ያላወጡ ዛፎች፣ የልጅ ጋሪ የሚገፉ ወጣት ባልና ሚስቶች። እትዬ ዝናሽ ጉልበታቸውን ስላመማቸው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሺራ ነገ የምትናገረውን እየተለማመደች ነበር፤ «ይህች ሴት» ትላለች፣ «ይህች ሴት።» ሦስተኛ «ይህች ሴት» ስትል እንባዬ መጣ።

«ሺራ፣ እኔ ቸኮሌቱን ነው የፈለግሁት» አልኳት።

አልገባትም። ሁሉንም ነገርኳት፦ አምስት አምስቱን፣ ፊቷን እያየሁ ያከበብኩትን፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያዩኛል ብዬ ደረቅ ደረቁን የተጫንኩትን። ራሴን ገዝቼ ሳይሆን አፍሬ እንደሆነ። የሺራ ድምፅ ተለወጠ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ። ማሽኑ ውስጥ ሳለሽ ጠይቄሻለሁ።»

«አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ» አልኩ።

ይህን ያልኩት ልከራከራት አልነበረም፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ሺራ ተነሥታ ጥቂት ርቃ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያኔ እትዬ ዝናሽ ጫማቸውን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«እናትሽንም እኔ አንድ ጊዜ ነው የጠየቅኋት» አሉ።

ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት ልሰናበት ብለው እናቴ ቤት መጥተው ነበር። አብረሽን ነይ አሏት። እናቴ «ኧረ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ይቅርብኝ» አለች። እትዬ ዝናሽ እሺ ብለው ሳሟትና ወጡ።

«እህቴ ናት፤ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ አጥቼው ነው? በሩ ላይ ዞር ስል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፤ ሁለተኛውን እየጠበቀች። መኪናው ላይ ሰው በዝቷል፣ ልጅ ታሞብኛል፣ አንድ ሰው ቢቀንስ ይሻላል የሚል ነገር በልቤ ነበረ። ያኔ ከዚያ ማሽን ቢያስገቡኝ ጉዴ ይወጣ ነበር።»

ሊስቁ ሞከሩና አቃታቸው። ሺራ ዞራ ታያቸዋለች። ይህን እሷም ሰምታው አታውቅም። መጥታ በመሀላችን ተቀመጠች። ስንመለስ እትዬ ዝናሽ በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው እሷን ተደግፈው ሄዱ።

እሁድ።

ሺራ በጠዋቱ ባቡር ሄዳ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለች። ፕሮፌሰሯ የእኔን ውጤት አውጥተውታል። ከእኔ በፊት የገቡትም እንደኔ አድርገው እንደሆነ እየደወለች መጠየቅ አለባት፤ መመረቂያዋ ወደሚቀጥለው የትምህርት ወቅት ተላልፏል።

«ዱግሪ ልንገርሽ?» አለችኝ። «ተናድጃለሁ። ባንቺም፣ በራሴም። ሰው ምን ይፈልጋል ብዬ ጠየቅሁ፤ ማን እያየው ነው ብዬ አልጠየቅሁም።»

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታው ስድስት ወሯን እንደማይመልስላት ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ከቦርሳዋ ቸኮሌት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ትበያለሽ?»

«ይቅርብኝ» አለ አፌ፤ እኔ ሳላዘው።

ልታነሣው እጇን ዘረጋችና ቆም አለች። «ትበያለሽ?» አለች ደግማ። «አይ…» አልኩ። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለችና ሦስተኛ ጠየቀችኝ። በላሁት። እየበላሁ አለቀስኩ፤ እሷ ስታለቅሺ አስቀያሚ ነሽ ብላ ሳቀችብኝ። እንደ ማሽኑ ውስጡ ሳይሆን፣ ይህን ምርጫ ማንም አልጻፈውም።

ረቡዕ።

ስለ ቀሩት ቀናት ብዙም የምጽፈው የለኝ፤ ገበያ ሄድን፣ ጫማ ጠበበኝ፣ ጎረቤትየዋ ለእናቴ ሻሽ ሰጠችኝ። ስሄድ እትዬ ዝናሽ እስከ ምድር ቤት ወረዱ። «ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ። «ሁለተኛ እየጠየቅኋት ነው። ትምጣና ትየኝ። እምቢ ካለች ደግሞ ሦስተኛውን አንቺ ጠይቂልኝ።» ሺራ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘችኝ። ውሃ ትፈልጊያለሽ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ የእውነት አልጠማኝም ነበር፤ ጠጣሁላት። በባቡር ጣቢያው በር ላይ ግን ማንንም ሳላሳልፍ አልፌያለሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ሁሉን አወራኋት፤ የማሽኑንም ጭምር። የካርሜ ጋቱን ወንበር ስነግራት እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከዚያ መልእክቱን አደረስኩ።

«ኧረ እኔ በዚህ ዕድሜዬ» አለች። «ይቅርብኝ።»

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ዝም እል ነበር፤ እናት አትጨቀጨቅም። አፍሬ፣ ጆሮዬ እየጋለ፣ «ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«ጉልበቴንስ ማን ይሸከምልኛል? አርፈሽ ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ ትሄጃለሽ?»

ድንጋዩን ከምስሩ እየለየች ቀጠለች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የክት ቀሚሷን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች። ደረቱ ላይ ቁልፍ የረገፈበትን ቦታ በጣቷ ትነካካለች። አላየችኝም፤ ወይም ያላየች መሰለች። እኔም አልጠየቅኋት። አጠገቧ ተቀምጬ መርፌዬን ከአንገትጌዬ ነቀልኩ።